«ኢንሰሬክሽን»፦ በባርነት መሃል ሁለት ወንዶች ስለተዋደዱበት ተውኔት እናውራ

መቅደስ ዘመድረክ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ ተውኔት ላወራችሁ ነው። ጽሑፉን አንብቤ ስጨርስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጸሐፊው ሮበርት ኦሃራ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ወንድ እንደሚያፈቅርም በይፋ የሚናገር ሰው ነው። ተውኔቱ «ኢንሰሬክሽን፦ ሆልዲንግ ሂስትሪ» ይባላል፤ «አመፅ፦ ታሪክን መያዝ» እንደማለት ነው። በ1996 ኒውዮርክ በሚገኘው ፐብሊክ ቴአትር ለመድረክ በቃ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሮን ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በባርነት ዘመን ስለተነሡ አመፆች እየጻፈ ነው። ግን አልሄድለት ብሏል። ቲ.ጄ. የሚባሉ ቅም አያት አሉት። ዕድሜያቸው 189 ነው። አዎ፣ 189። ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፣ ሌላው ሰው ንግግራቸውን አይሰማም። ሮን ግን ይሰማቸዋል። ወደ ቤቴ ውሰደኝ ይሉታል። ሞቴል ውስጥ ያደሩበት አልጋ ይዟቸው ይሄድና 1831 ላይ፣ ቨርጂኒያ፣ ሳውዝሃምፕተን ያወርዳቸዋል። ናት ተርነር አመፁን ሊያስነሳ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። እዚያ ሮን በባርነት ካለ ሃመት ከሚባል ወንድ ጋር ይዋደዳል።

ተርነርን ለማታውቁት፦ በ1800 በባርነት ተወለደ። ማንበብ የሚችል ሰባኪ ነበር። ፌብሩዋሪ 1831 ፀሐይ ስትጋረድ የእግዚአብሔር ምልክት መጣልኝ ብሎ አመነ። ኦገስት 21 ሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ተነሣ። ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 55 የሚጠጉ ነጮችን ገደሉ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። አመፁ ወዲያው ተደመሰሰ። ተርነር ከሁለት ወር በላይ ተደብቆ ኦክቶበር 30 ተያዘ፣ ኖቬምበር 11 ተሰቀለ። እጃቸው የሌለበት ብዙ ጥቁሮችም በበቀል ተገደሉ። በዓመቱ ቨርጂኒያ ጥቁር ሰው፣ ነፃም ይሁን ባሪያ፣ እንዳይሰብክ በሕግ ከለከለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ይህን የሚያህል አመፅ እያለ የሁለት ወንዶች ፍቅር ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ተውኔቱ የቆመው በዚህ ፍቅር ላይ ነው እላለሁ።

በ1662 ቨርጂኒያ ያወጣችው ሕግ አለ። ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርሳል ይላል። እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው፣ አባቱ ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ። ከ1808 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ ሰው አምጥቶ መሸጥ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ገበያው የሚኖረው እዚያው በሚወለዱ ልጆች ሆነ። በ1830 ወደ 2 ሚሊዮን የነበረው በባርነት የተያዘ ሕዝብ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። የሴቲቱ ማሕፀን የጌታው ሀብት ነበር። የወንዱም ጉልበት፣ ዘሩም እንደዚያው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልጅ የማይገኝበት፣ ለጌታው አምስት ሳንቲም የማያስገባ፣ ሁለት ሰዎች ራሳቸው የመረጡት ፍቅር ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አስቡት። ሰውነቱ የራሱ ያልሆነ ሰው «ይህን ሰው እወደዋለሁ» ሲል ሰውነቱን ከጌታው እጅ እየነጠቀ ነው። ለእኔ ይህም አመፅ ነው።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ያነበባችሁ ካላችሁ ኑ፣ እንነጋገር።


ሰለሞን አራት ኪሎ

መቅዲ፣ ጥሩ ጽፈሻል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህ የዛሬን ሐሳብ ወስዶ 1831 ላይ መለጠፍ አይሆንም ወይ? ያኔ ሰው የሚያስበው ከጅራፍ ስለማምለጥ ነው። የሚበላው የለው፣ የሚተኛበት የለው። በእርግጥ እንዲህ ያለ ፍቅር እንደነበረ ማስረጃ አለ? ወይስ ጸሐፊው እንዲኖር ስለፈለገ ነው የጻፈው? ለመከራከር ሳይሆን ማወቅ ፈልጌ ነው።


የታሪክ ተማሪዋ

ሶል፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ማስረጃ አለ። ግን ብዙው በጠላት እጅ የተጻፈ ነው።

በ1591 የፖርቱጋል ኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእምነት ፍርድ ቤት፣ ብራዚል፣ ሳልቫዶር ድረስ መጥቶ ነበር። አንድ ማኒኮንጎ የሚባል አፍሪካዊ፣ የጫማ ሰሪ ባሪያ፣ ከወንዶች ጋር ይተኛል፣ የወንድ ልብስም አልለብስም ይላል ተብሎ ተከሰሰ። ስሙ ዛሬ ድረስ የቆየው የከሰሱት ሰዎች ስለመዘገቡት ነው።

ኩባ ውስጥ ደግሞ ኤስቴባን ሞንቴሆ የሚባል፣ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነበር። በስተርጅናው ታሪኩን ለሚጌል ባርኔት ነገረው፣ በ1966 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሞንቴሆ ስለ ባሪያ ሰፈሩ ሲያወራ ከወንድ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ወንዶች እንደነበሩ ይናገራል። አንዱ ያጥባል፣ ያበስላል፣ ትንሿን ጓሮ ያለማል። ሌላው ምርቱን ወስዶ ይሸጣል። በጣም ተራ ኑሮ ነው። እኔን የገረመኝ ይኸው ተራነቱ ነው።

ሌላም ልጨምር፤ ይሄኛው ግን ፍቅር አይደለም። ሃሪየት ጃኮብስ በ1861 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ስለ ሉክ ትጽፋለች። ጌታው አልጋ ላይ የዋለ፣ በብልግና የበሰበሰ ሰው ነው። ሉክን ከሸሚዝ በቀር ሳያለብሰው በሰንሰለት አስሮ ያስቀምጠዋል፣ ያስገርፈዋል። ከዚያ በላይ ያደረገውን ጃኮብስ ልትጽፈው አልደፈረችም፤ ለመናገር የሚያጸይፍ ነው ብላ ታልፈዋለች። አንባቢው ግን ይገባዋል።

ስለዚህ ሁለቱን እንለያቸው። ጌታው በሉክ ላይ ያደረገው ጥቃት ነው። የኩባዎቹ ኑሮ ምርጫ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።


ወለተ ማርያም

ሰላም እህት ወንድሞቼ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን ነገር በእምነቴ ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ማለቴ ማንንም ለመስደብ አይደለም። ለባሪያዎቹ ልቤ ያዝናል። ግን ስቃያቸው አይበቃም? እንዲህ ያለ ትዕይንት ካልተጨመረበት ሰው አያዝንላቸውም ወይ? ክብራቸውን የሚቀንስ መሰለኝ።


መቅደስ ዘመድረክ

ወለተ ማርያም፣ በጨዋ አንደበት ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። እምነትሽን ልነካ አልፈልግም። ግን «ክብራቸውን ይቀንሳል» ያልሽው ላይ አንድ ታሪክ ልንገርሽ።

ከ1936 እስከ 1938 የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችን ልኮ በባርነት ኖረው በሕይወት የነበሩ አዛውንቶችን አነጋገረ። ከ2,000 በላይ ቃለ ምልልስ ተሰበሰበ። ቴክሳስ ውስጥ ሮዝ ዊሊያምስ የምትባል አሮጊት ነበረች። ዕድሜዋ ወደ 16 ገደማ ሲሆን ጌታዋ ሩፈስ ከሚባል ወንድ ጋር ሂጂና ኑሪ አላት። አልፈለገችውም። መኝታዋ ላይ ሲመጣባት በእሳት መቆስቆሻ መታችው። ጌታው ጠርቶ እምቢ ካልሽ ትገረፊያለሽ አላት። ከእናት ከአባቷ ጋር አንድ ላይ የገዛት ሰው ስለነበር ከቤተሰቤ እንዳልለይ ብላ ተሸነፈች። ነፃ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ አላገባም ብላ ኖረች።

ያ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ነበር። ጌታው የፈቀደው ነበር። ግን ክብር ነበረው? ክብራቸውን የቀነሰው ማን ከማን ጋር ተኛ የሚለው አይደለም። የማይፈልጉትን ሰው እንዲያቅፉ መገደዳቸው ነው። ለዚህ ነው ሃመትና ሮን ወደው ሲተቃቀፉ ሳነብ ክብራቸው የተመለሰ የመሰለኝ።


ዮኒ ከአሌክሳንድሪያ

እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ አካባቢ ሐበሻ እንደ ልብ ነው። አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት፣ ቁጥር 1315፣ አንድ የጡብ ቤት አለ። ብዙዎቻችን በመኪና እናልፈዋለን። በ1828 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ያቋቋሙት የባሪያ ንግድ ቢሮ ነበር። በአሜሪካ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ። ከዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እየገዙ ወደ ደቡብ፣ ወደ ናቼዝና ኒው ኦርሊንስ፣ በመርከብም በእግርም ይልኩ ነበር። አሁን ፍሪደም ሃውስ የሚባል ሙዚየም ነው። እባካችሁ ያላያችሁት ሄዳችሁ እዩት።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የባሪያ ጋብቻ በሕግ ፊት ምንም አልነበረም። ባል ወደ ሚሲሲፒ ይሸጣል፣ ሚስት እዚህ ትቀራለች። ያም ሆኖ ቢያንስ ጎረቤት «ባሏን ሸጡባት» ብሎ ያለቅስላታል። ነፃነት ሲመጣ ደግሞ ብዙዎች የጠፋ ባል፣ የጠፋች ሚስት፣ የጠፋ ልጅ ለመፈለግ በጋዜጣ ማስታወቂያ አስነግረዋል። የሚወደው ወንድ የተሸጠበት ወንድስ? ማን ብሎ ይፈልገዋል? ወንድሜ ካላለው በቀር ምን ብሎ ይጽፋል? መቅዲ የጻፈችውን ካነበብኩ ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።


የታሪክ ተማሪዋ

ዮኒ፣ ሮን የመመረቂያ ጽሑፉ ያልሄደለትም ለዚሁ ይመስለኛል። መዝገብ ቤት የሚቀመጠው ደረሰኝ ነው፣ የፍርድ ቤት ቃል ነው፣ ጌታው የጻፈው ደብዳቤ ነው። የተርነር ቃል ራሱ ወደ እኛ የደረሰው ቶማስ ግሬይ የሚባል ነጭ ጠበቃ እስር ቤት ገብቶ ጽፎት፣ አሳትሞት ነው። ስለ አመፁ የምናውቀው ዋናው ሰነድ ይኸው ነው። ታዲያ ሃመት ማንን ይወድ እንደነበር ከየት ይገኛል? ኦሃራ ሰነድ ባለቀበት ቦታ ሽማግሌውን አስቀመጠ። 189 ዓመት የኖረ ሰው የለም፣ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ትዝታ አለ። ይህ ምርጫው በጣም ነው የገባኝ።


ቢኒያም ቢ.

ይሄ ብዙ ያወዛገበው «ስሌቭ ፕሌይ» የሚባለው ነው እንዴ? ስለሱ ሰምቼ ነበር።


መቅደስ ዘመድረክ

አይደለም ቢኒ። ያ የጄረሚ ኦ. ሃሪስ ነው። በ2018 ኒውዮርክ ተጀምሮ በ2019 ብሮድዌይ ገባ፣ ለቶኒ ሽልማት በ12 ዘርፍ ታጭቶ አንዱንም ሳያገኝ ቀረ። እሱ የዛሬ ጥንዶችን ነው የሚያሳየው፣ ባርነት በመኝታ ቤታቸው ውስጥ ጥሎት የሄደውን ቁስል። ግን ዝምድና አላቸው። «ስሌቭ ፕሌይ»ን ያዘጋጀው ይኸው ሮበርት ኦሃራ ነው።


ጋሽ ታዴ የመድረኩ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው የማነበው። ብዙ ዘመን መድረክ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የበኩሌን ልበል።

ያላነሣችሁት ነገር አለ። በ1967 ዊሊያም ስታይረን የሚባል ነጭ ደራሲ ስለ ናት ተርነር ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለመበት። በመጽሐፉ ውስጥ ወጣቱ ተርነር ከሌላ ወንድ ልጅ ጋር የሚነካካበት ቦታ አለ። ሲያድግ ደግሞ ነጭ ሴት የሚመኝ አድርጎታል። ጥቁር ምሁራን ተቆጡ። አሥር ጸሐፊዎች ተሰብስበው በ1968 የተቃውሞ መጽሐፍ አወጡ። ጀግናችንን አኮሰሰብን አሉ። ተርነር ሚስት እንደነበረችው የሚነገረውንስ ለምን ዘለለው ብለው ጠየቁ። ቁጣቸው ይገባኛል። ሲቪል መብት የሚታገሉበት ዘመን ነበር፤ ጀግናቸውን ከሌላ ሰው እጅ መቀበል አልፈለጉም።

ነገር ግን ያ ቁጣ አንድ ጠባሳ ጥሎ ሄደ። ወንድን የሚወድ ወንድ ጀግና ሊሆን አይችልም የሚል ጠባሳ። ኦሃራ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ መጣና የናት ተርነርን ግቢ እንደገና ከፈተው። በዚህ ጊዜ ከውስጥ የመጣ የልጅ ልጅ ነው። ፍቅሩንም ተርነር ላይ አልጫነውም፣ ለሃመትና ለሮን ሰጣቸው። ይህን እንደ ባለሙያ አደንቃለሁ። የታሪኩን ሰው በቦታው ትቶ ስሙ ያልተጻፈውን ሰው ወደ መብራት አመጣው።

ሌላው ሳቁ ነው። ተውኔቱ ያስቃል፣ ይዘፈንበታል። ጅራፍና ሳቅ አንድ ትዕይንት ላይ ይገናኛሉ። አንድ ተዋናይም ብዙ ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ አሁን በዚህ ዘመን ያየኸው ፊት ትንሽ ቆይቶ ካቦ ሆኖ ይመጣብሃል። ለተዋናይ ከባድ ነው። ተመልካቹም እየሳቀ ድንገት ይደነግጣል።


ሰለሞን አራት ኪሎ

ጋሽ ታዴ፣ እናመሰግናለን። የስታይረንን ነገር አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ እንዲህ ያለ ሥራ በእኛ መድረክ ይታሰባል? ፍቅሩን ተዉት፣ ስለ ባርነቱ ብቻ እንኳ።


ጋሽ ታዴ የመድረኩ

ሰለሞን ልጄ፣ ፍቅሩን በተመለከተ መልሱን አንተም ታውቀዋለህ። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል፤ ሕዝቡም አይቀበለውም።

ስለ ባርነቱ ግን መሥራት ነበረብን። እኛም አገር ሰው ይሸጥ ይገዛ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የከለከሉት በ1942 ነው፣ ማለትም በእኛ 1934 ዓ.ም.። ሩቅ አይደለም። የእኔ አያቶች ያዩት ነው። ከደቡብና ከምዕራብ ስንት ሰው ተግዞ መጣ። በየሰው ቤት ያደጉት እነዚያ ሰዎች ማንን ወደዱ፣ ከማን ተለዩ? ስለ ነገሥታት ብዙ ተውኔት ሠርተናል። በማጀት በኩል ስለኖሩት ግን እኔ እስከማስታውሰው እጃችን አጥሯል። ይህ ያሳዝነኛል።


ትርሲት ኤም.

ጋሽ ታዴ ያሉት ልቤን ነካው። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ፤ አያቴ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ከዚህ በላይ እዚህ አልጽፍም፤ ግን ቢሠራ የመጀመሪያዋ ተመልካች እኔ ነኝ።


ወለተ ማርያም

መቅደስ፣ የሮዝ ዊሊያምስን ታሪክ ሌሊት ፈልጌ አነበብኩት። አለቀስኩ። በፍቅሩ ጉዳይ ሐሳቤ ያው ነው፣ አልዋሽሽም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ተርነር ሰባኪ ነበር ብለሻል። ጌቶቹም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው «ባሪያዎች ሆይ ታዘዙ» ይሉ የነበረው። ያው አንድ መጽሐፍ ነው። ታዲያ ተውኔቱ እምነትን የሚሰድብ ነው ወይስ ለእምነት ቦታ አለው?


መቅደስ ዘመድረክ

አሪፍ ጥያቄ ነው። አይሰድብም። ተርነር በዚያ መድረክ ላይ ከምሩ ያምናል። ራእይ ያያል፣ ይጮኻል፣ ሰውን ያስነሣል። ሮን ይወደዋል፣ ይፈራዋልም። አመፁ በምን እንደሚያልቅ ከመጽሐፍ ያውቀዋልና። ለእኔ ከተውኔቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሮን ነገ ማን እንደሚሰቀል ያውቃል። የሚወደው ሰው ደግሞ ከነሱ ጋር ነው። ቢነግራቸው ማን ይሰማዋል? ቢሰሙትስ፣ ተቀመጡ፣ በባርነት ቆዩ ሊላቸው ነው? እዚህ ጋ ፍቅሩና አመፁ አንድ ቋጠሮ ይሆናሉ። ፍቅሩን ብታወጪው ሮን ዳር ቆሞ የሚያይ ተማሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም የሚያጣው ነገር የለውማ።


ዮኒ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሽ ታዴ፣ እርስዎ ቢያዘጋጁት የሃመትንና የሮንን ትዕይንት እንዴት ያደርጉት ነበር? መብራቱን ደብዘዝ ማድረግ ይሻላል? ተመልካቹ እንዳይደነግጥ።


ጋሽ ታዴ የመድረኩ

አላደበዝዝም ልጄ። ካቦው ሲገርፍ በሙሉ መብራት አሳይቼ፣ ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ መብራት ከቀነስኩ ለተመልካቹ የትኛው እንደሚያሳፍር ነግሬዋለሁ ማለት ነው። ተዋናዮቹ እንዲቸኩሉም አልፈቅድም። በዚያ እርሻ ላይ ለሰው ጊዜ የሚሰጥ የለም፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ይሰጣቸው።


የታሪክ ተማሪዋ

እኔ ግን እዚህ ላይ ከጋሽ ታዴ ትንሽ እለያለሁ። ጅራፉንም በሙሉ መብራት አላሳይም ነበር። የጥቁር ሰው ገላ ሲገረፍ ስንት ጊዜ አየን። ድምፁ ይበቃል። መብራቱ ለሁለቱ ይሁን።


ጋሽ ታዴ የመድረኩ

ይህንንስ እቀበላለሁ። ግን ድምፁን የሚያሰማው ተዋናይ መድረኩ ላይ ይቁም፣ ከመጋረጃ ጀርባ አይሁን። ተመልካቹ የሚገርፈውን ሰው ፊት ማየት አለበት።